የሒሳቡ ወሬ

ሰው የሚፈራውን ነገር ሲመርጥ ማንንም አያማክርም። ቴፒ አጠገብ ባለ የቡና እርሻ ጥበቃ ሆኖ የሚሠራ አንድ ወዳጅ አለኝ። ጎሽ ሲያጋጥመው እንደ ጎረቤት በሬ «ሂድ ከዚህ!» ብሎ የሚያባርር፣ እባብ የሄደበት ሣር ላይ ተንጋልሎ ምሳውን የሚበላ ሰው ነው። ይህ ደፋር መርፌ ያየ እንደሆነ ተዝለፍልፎ ይወድቃል። እዚሁ ሚዛን ተፈሪ ደግሞ ገበያውን በአንደበቷ የምትገዛ አንዲት ሙዝ ነጋዴ አለች፤ እሷ የምትፈራው እንቁራሪት ነው። በእኛ አገር ዝናብ እንቁራሪት መፍራት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ሲጮሁ መኖር ነው።

እኔ የምፈራው ሒሳብ ነው።

ስቃችሁ ከሆነ ሳቁን ዋጥ አድርጉትና ስሙኝ፤ ከመካከላችሁ «ክፍልፋይ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሆዱን የሚቆርጠው እንዳለ አውቃለሁ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቁጥሮች ተሰልፈው ሳይ እኔን ሊይዙ የመጡ ይመስለኛል። ስለዚህ ሸሸሁ። ሸሽቼ ሸሽቼ የአማርኛ መምህር ሆንኩ። ሰዋስው ሰላማዊ አገር ነው፤ ባለቤት አለ፣ ተሳቢ አለ፣ ግስ አለ፤ ማንም ከማንም ላይ አይቀነስም። እዚያ ውስጥ ተሸሽጌ ፀጉሬ ሸበት እስኪል በሰላም ኖርኩ።

ታዲያ ዓምና፣ ትምህርት ከተጀመረ ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ፣ የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መምህራችን የትምህርት ዕድል አግኝቶ ጅማ ገባ። ደስ ብሎን ሸኘነው፤ እኔ እንዲያውም ከሁሉ አብልጬ አጨብጭቤያለሁ። ጭብጨባው ሳይበርድ ርእሰ መምህሩ አቶ ደሳለኝ ቢሮው ጠራኝ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፣ ሰው አክባሪ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ እምቢ ማለት አይመችም።

«ጋሽ ታደሰ፣ ተተኪ እስኪመጣ ድረስ የሰባተኛን ሒሳብ ይያዙልን፤» አለኝ።

«እኔ?»

«ትርፍ ክፍለ ጊዜ ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«አቶ ደሳለኝ፣ እኔ እኮ የአማርኛ መምህር ነኝ። ሒሳቡ ደግሞ ከሰባተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው።»

«ለጥቂት ጊዜ ነው፤» አለና እጄን ጨበጠኝ።

በአገራችን «ለጥቂት ጊዜ» ምን ያህል እንደሚረዝም ታውቃላችሁ። ሁለት ፍርሃት ታቅፌ ከቢሮው ወጣሁ፤ ቁጥሩንና እንግሊዝኛውን። እንግሊዝኛ አላውቅም ማለቴ አይደለም። መዝገበ ቃላት አጠገቤ ካለና ማንም ካላቻኮለኝ አነባለሁ። ስናገር ነው ቃሉ የሚጠፋኝ።

የመጀመሪያውን ቀን መቼም አልረሳውም። ከመጽሐፉ አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ገለበጥኩ። በእኛ ፊደል ሲነበብ «ፋይቭ ለስ ዛን ኤ ናምበር ኢዝ ትዌልቭ» ይላል፤ ቁጥሩን ፈልጉ ነው ነገሩ። ዞር ስል ልጆቹ በሙሉ አንገታቸውን ደፍተዋል። እነሱ መምህሩ እንዳይጠይቃቸው ይጸልያሉ፤ መምህሩ እነሱ እንዳይጠይቁት ይጸልያል። እንዲህ ያለ የአንድ ልብ ጸሎት ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ ገጥሞኝ አያውቅም። ጸሎታችንም ወዲያው ተሰማ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። በሚዛን ዝናብ፣ ቆርቆሮ ሥር የተናገሩት ነገር ለራስ ብቻ ነው የሚቀረው። ደወል እስኪደወል አፌን ሳንቀሳቅስ ቆየሁ፤ ምን እንዳልኩ እኔም አልሰማሁም።

በማግሥቱ ግን ፀሐይ ወጣች። አንድ ደፋር ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ኔጌቲቭ ሰባት!» አለ። ድምፁ ውስጥ እርግጠኝነት ነበር፤ እኔ ደግሞ እርግጠኛ ሰው ሳይ እሸነፋለሁ። «ጎበዝ!» አልኩት። ደብተሮቹን ሰብስቤ ሳይ ከፊሉ ከአምስት ላይ ቁጥሩን ለመቀነስ ታግሎ ኔጌቲቭ ሰባት ላይ ደርሷል፤ ከፊሉ አምስትን ጽፎ «ያንሳል» የሚለውን ምልክት አስቀምጦ እዚያው ቆሟል። የመምህሩን መምሪያ ገለጥኩ። መልሱ አሥራ ሰባት ነው። ክፍሉ በሙሉ ስቷል። ጎበዝ ያልኩትም ስቷል። የሚያስፈራው ግን መሳታቸው አይደለም፤ ለምን እንደሳቱ ሊነግራቸው የቆመው ሰው እኔ መሆኔ ነው።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ አንድ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው ጠበቁኝ። አቶ አየለ ይባላሉ፤ በሸኮ በኩል ከገጠር የመጡ፣ ቡናና ኮረሪማ ያላቸው ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ተስፋነሽ እኔ ክፍል ናት። ሰፈራቸው ያለው ትምህርት ቤት ስድስተኛ ላይ ስለሚያበቃ ከተማ አክስቷ ቤት ሆና ትማራለች። የቤታቸው ቋንቋ ሸኮኛ ነው፤ አማርኛን ገበያ ላይ ስለለመዱት «አንተ» ይሉኛል፣ እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ማናችንም ቅር አላለንም።

«አንተ ነህ የሒሳብ አስተማሪ?»

«ለጊዜው ነኝ፤» አልኳቸው።

«ተስፋነሽ ልጄ ናት። እኛ ጋ በሒሳብ አንደኛ ነበረች። ሁልጊዜ አንደኛ። እዚህ መጣች፣ ዜሮ አመጣች። ልጄን ምን አገኛት?»

ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር፤ የወላጅ ቁጣ የለመድኩት ነገር ነው። ይህ ግን ቁጣ አልነበረም። ሰውየው ፈርተዋል። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያሽከረክሩታል።

«ታመመች? ሰው ነካት? ከተማው ጭንቅላቷን ወሰደው? እናቷ ቤት ታለቅሳለች። ይህን ሴሚስተር ካላለፈች እወስዳታለሁ። እዚህ እንድትጠፋብኝ አልፈልግም።»

ምን ልበላቸው? ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እኔም እፈራለሁ አይባልም። ልጅቷን አስጠራኋት። መጥታ በሁለታችን መካከል ቆመች፤ ቀጭን፣ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ድረስ ስባ የምትይዝ፣ ድምፅ የሌላት ልጅ።

«ተስፋነሽ፣ ሒሳቡ ከበደሽ?» አልኳት።

አንገቷን ደፋች።

አባቷ በሸኮኛ ጠየቋት። ያኔ ቀና ሳትል፣ በሹክሹክታ፣ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። እኔ ከሸኮኛ የማውቀው ሰላምታውን ብቻ ነው። አባትየው ግራ እንደገባቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ቁጥሩን አውቃለሁ ትላለች። የማላውቀው ወሬውን ነው ትላለች።»

«የምን ወሬ?»

«እኔ እንጃ። ሒሳብ ወሬ አለው እንዴ?»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ መዝገበ ቃላቴን ይዤ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ያቺን አንድ መስመር ፊት ለፊቴ አደረግኋት። ቁጥሮቹን ተውኳቸው፤ እነሱን ለረጅም ጊዜ ማየት አልወድም። ወሬውን ብቻ ያዝኩ። እንደ ማንኛውም ዓረፍተ ነገር ግሱን ፈለግሁ። ግሱ «ኢዝ» ነው፤ የእኛው «ነው»። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ሹራብ ክር እየተተረተረ መጣ። እንግሊዝኛው አምስትን ከፊት፣ ቁጥሩን ከኋላ ያስቀምጣል፤ ልጆቹም ዓይናቸው ባየው ተራ ጽፈው ከአምስት ላይ ቁጥሩን ቀነሱ። ሌሎቹ «ለስ ዛን»ን ሲያዩ «ያንሳል» ነው ብለው ምልክቱን አደረጉ፤ ያ ትክክል የሚሆነው ግን «ኢዝ» አምስት አጠገብ ብትሆን ነበር። «ፋይቭ ኢዝ ለስ ዛን» ቢል፣ አምስት ያንሳል ማለት ነው። «ኢዝ» ግን እዚያ የለችም። ወደ አሥራ ሁለት ሄዳለች። አንዲት «ነው» ቦታ ስለቀየረች መቀነሱ ማነስ፣ ማነሱ መቀነስ ሆኖ ክፍሉ በሙሉ ገደል ገብቷል።

በአማርኛ ስለው ደግሞ «ከአንድ ቁጥር ላይ አምስት ሲቀነስ አሥራ ሁለት ነው» ሆነ። ቁጥሩ ከፊት፣ አምስት ከኋላ፣ አሥራ ሁለት መጨረሻ። ስሌቱ ሰልፉን አሳምሮ ቆሟል! ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ወዲያው ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስንቱ ልጅ ነው በዚህች በአንዲት «ነው» ምክንያት ሰነፍ ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ? ስንቱ አባት ነው ልጄን ምን አገኛት እያለ የቀረ?

በማግሥቱ ያንኑ ጥያቄ ጻፍኩና «ዛሬ ሒሳብ የለም» አልኳቸው። ክፍሉ ትንፋሹን ለቀቀ። «ወሬ ነው የምንፈታው። መጀመሪያ ንገሩኝ፤ ነው የት አለ?»

ፈልገው አገኟት። ከማን ላይ ነው የሚወሰደው? የሚወሰደውስ ማነው? አንዱ በአማርኛ መለሰ፣ ሌላው ለጎረቤቱ በቤንችኛ ሹክ አለ፣ ተስፋነሽም አጠገቧ ላለችው ልጅ በሸኮኛ የሆነ ነገር ነገረቻት። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው «ኤክስ ሲቀነስ አምስት፣ ይሆናል አሥራ ሁለት» ብለው አስጻፉኝ። እዚያ ላይ እኔ አበቃሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር አላውቀውም። ጠመኔውን አስቀምጬ፣ ሆን ብሎ እንደሚፈትን ሰው ኮስተር ብዬ «ቀጥሉ» አልኳቸው።

ቀጠሉ። «አሥራ ሰባት!» ብለው ሲጮኹ ከእኔ የበለጠ የተገረመ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ጀምሮ ሳንነጋገር ተስማማን። ወሬውን እኔ እፈታለሁ፣ ቁጥሩን እነሱ ይሠራሉ። ግማሽ መምህርና ግማሽ ተማሪዎች ተደጋግፈን አንድ ሙሉ ክፍል ሆንን። ተስፋነሽ መጀመሪያ ቀና አለች፣ ቀጥሎ እጇን ከእጅጌዋ አወጣች፣ ቀጥሎ ሰሌዳው ድረስ መጣች። እኔም የክፍሉን ደፍ ስረግጥ የሚይዘኝ ፍርሃት እየተወኝ ሄደ።

ሱፐርቫይዘር ይመጣል የተባለው ልክ ይኼኔ ነው።

ሱፐርቫይዘር ማለት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው መምህሩ ሲያስተምር እያዩ የሚጽፉ ሰው ናቸው። የሚጽፉትን አያሳዩም። ደንቡ ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ይላል፤ የእኔ ክፍል ደግሞ ሲፈልግ በአማርኛ፣ ሲያሻው በቤንችኛና በሸኮኛ የሚጨቃጨቅ ገበያ ነው። አቶ ደሳለኝ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ለዚያች አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ በእንግሊዝኛ ብቻ ያድርጉልኝ። እባክዎ።»

ግንባሩ ላይ ላብ አለ። ለካ እሱም ይፈራል።

ንግግሬን ጽፌ አጠናሁ። ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ «መግለጫ ነው?» አለችኝ። ቀኑ ደረሰ። ሱፐርቫይዘሩ የጫማቸውን ቀይ ጭቃ ደፉ ላይ አራግፈው ገቡና ከኋላ ተቀመጡ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ብዕራቸውን ከፈቱ።

«ጉድ ሞርኒንግ። ቱዴይ ዊ ዊል ለርን…» አልኩ።

ክፍሉ እንደ ሱቅ ተዘጋ። አንድ በአንድ፣ በር በበር። ስንት ሳምንት የደከምኩባቸው ፊቶች አንገታቸውን ደፉ። ተስፋነሽ እጅጌዋን ስባ ጣቶቿን ደበቀች። ያኔ የአባቷ ፊት መጣብኝ። ከኋላ የተቀመጡት ሰው ያስፈሩኛል፤ እውነት ነው። ባርኔጣቸውን ይዘው በር ላይ የቆሙት ሰው ግን ይበልጥ አስፈሩኝ። ሰው ከሁለት ፍርሃት ከትልቁ ሲሸሽ ለሚያየው ድፍረት ይመስላል። አትመኑ።

«ልጆች፣» አልኩ በአማርኛ፤ «ነው የት አለ?»

ክፍሉ ተከፈተ። እጆች ወጡ፣ ጭቅጭቁ ተነሣ። ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ሱፐርቫይዘሩ ተነሥተዋል።

«ይቅርታ መምህር። ይህ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው ወይስ የአማርኛ?»

«የ… የሒሳብ ነው።»

ወደ ፊት መጡ፣ ጠመኔ አነሡ፣ አዲስ ጥያቄ ጻፉ፤ «ኤይት ለስ ዛን ኤ ናምበር ኢዝ ትዌንቲ»። ከዚያ ክፍሉን ቃኙና ጣታቸውን ቀሰሩ። ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል ተስፋነሽ ላይ።

«አንቺ፣ ነይ ሥሪው። በእንግሊዝኛ እያስረዳሽ።»

ወጣች። ጥያቄውን ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አነበበች። ኤክስ ጻፈች፣ መቀነሻ፣ ስምንት፣ እኩል ይሆናል፣ ሃያ። ትክክል ነው፤ ይህችን ያህል እኔም አውቃለሁ።

«ዋይ?» አሉ ሱፐርቫይዘሩ። «ጥያቄው ላይ ስምንት ነው የሚቀድመው። አንቺ ለምን ኋላ አደረግሽው? ዋይ?»

ጠመኔው ጣቷ ውስጥ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አፌን ልከፍት ስል ሱፐርቫይዘሩ በእጃቸው ከለከሉኝ። ዕቃዋን በፌስታል ቋጥራ ከአባቷ ኋላ ወደ ሸኮ መኪና ስትሄድ ታየኝ። ያመጣሁባት እኔ ነኝ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ባስተምር ማንም አይጠራትም ነበር አልኩ በልቤ።

ተስፋነሽ ጣቷን ስምንቱ ላይ አደረገች።

«ኤይት…» አለች። ድምፅዋ የሚሰማ አልነበረም። ጣቷን ቀስ አድርጋ ወደ ኤክስ ወሰደችው። «ፍሮም። ኤይት ፍሮም ዚስ።»

«ከ» ማለቷ ነው። ከዚህ ላይ ማለቷ ነው። ያ ሁሉ ወሬ በአንዲት «ከ» አለቀ። ሱፐርቫይዘሩ ሰሌዳውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ጉድ፤» አሉና ወደ ቦታቸው ተመልሰው ብዙ ጻፉ። እሷ ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ ግን ጠረጴዛውን ይዤ ቆምኩ፤ የምይዘው ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

ሲያበቃ ቢሮ ጠርተውኝ በሩን ዘጉ።

«መምህር፣ ያደረጉት ነገር ገብቶኛል። ልጆቹ ይሠራሉ፤» አሉ። «ነገር ግን ግምገማው በማስተማሪያው ቋንቋ ተጠቅሟል ወይ ነው የሚለው። አልተጠቀመም ብዬ ከመጻፍ ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

«ይጻፉ፤» አልኩ። ከዚያ በላይ አማርኛ እንኳ አልመጣልኝም።

«እኔንም የሚገመግሙ አሉ፤» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በሩን ከፍተው ሲወጡ ዞር አሉና «ያቺን ልጅ አይዞሽ በሉልኝ» አሉኝ።

የሴሚስተሩ ፈተና ዕለት ከፈታኞቹ አንዱ አልነበርኩም። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቆሜ መስኮቱን ሳይ ቆየሁ፤ ልጅ የሚወለድለት አባት እንዲሁ ነው የሚሆነው። ውጤቱ ሲመጣ ተስፋነሽ አልፋለች። አንደኛ አይደለችም፤ ከመካከለኞቹ ነች። አቶ አየለ በቅል ማር ይዘው መጡ።

«ወሬውን አወቀች?» አሉኝ።

«እያወቀች ነው።»

ሳቁ። ሳቃቸውም ትንሽ ይፈራ ነበር። ልጃቸውን በሸኮኛ አንድ ነገር ብለዋት ብቻቸውን ተመለሱ። ምን እንዳሏት ብጠይቃት «ቆዪ አለኝ» አለች።

አሁን ተተኪው የሒሳብ መምህር መጥቷል። ወጣት ነው፣ ሒሳብ ያውቃል፣ እንግሊዝኛውም እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፤ የሚያስቆመው የለም። በመስኮቱ ሥር ሳልፍ እግሬ ቀስ ይላል። አንዳንድ ቀን ከእሱ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም፤ ያን ቀን ምሳዬ አይዋጥልኝም። ሌላ ቀን ደግሞ አንዲት ቀጭን ድምፅ «ቲቸር፣ ከማን ላይ ነው?» ስትል እሰማለሁ፤ ያኔ ፈጠን ብዬ አልፋለሁ።

የእኔ ነገር ደግሞ እንዲህ ሆነ። በግምገማው መሠረት እንግሊዝኛዬን አሻሽል ዘንድ ሥልጠና ተላክሁ፤ ቴፒ። ከማጂ ተራራ ድረስ የመጡ መምህራን ነበሩ። አሠልጣኙ «ጉድ ሞርኒንግ» ብለው ስለ ሥልጠናው ዓላማ በእንግሊዝኛ ጥቂት እንደተናገሩ ቀና ብለው ፊታችንን አዩ። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ በአማርኛ ቀጠሉ፤ እስከ መጨረሻው ቀን በአማርኛ። አልወቅሳቸውም። በሕይወቴ የእንግሊዝኛ ሰዋስው እንደዚያ ገብቶኝ አያውቅም።

ስንጨርስ የምስክር ወረቀት ሰጡን። እሱ በእንግሊዝኛ ነው። በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ሳነበው፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የተሰጠውን ሥልጠና በላቀ ብቃት አጠናቅቄያለሁ ይላል። ባለቤቴ ደስ ብሏት በፍሬም አስገባችው፤ ሳሎኑ ውስጥ፣ ማንም የገባ ሰው የሚያየው ቦታ ሰቀለችው። እንግዳ ሲመጣ አያስጨንቀኝም፤ እንግዳ ማኅተሙን አይቶ ያልፋል። የሚያስጨንቀኝ ትንሿ ልጄ ናት። ዘንድሮ ትምህርት ጀምራ ያየችውን ጽሑፍ ሁሉ፣ የሳሙናውንም የክብሪቱንም፣ ፊደል በፊደል እየለቀመች ታነባለች። አንድ ቀን ያንን ወረቀት አንብባ ታምነዋለች። ከዚያም በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ይዛ፣ አባቴ ያውቃል ብላ፣ ትመጣለች።

እሷ ሳታይ ፍሬሙን ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ልጆች ግን ያድጋሉ።